መነካት የሚያስፈራው ሰው ሰላምታው፣ ለቅሶውና መናኸሪያው ላይ ምን ያድርግ?

ጠያቂ፦ የደምበጫዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 23 ዓመቱ ነው፣ ሥራ አለው፣ ጨዋታም ያውቃል። ሰው እጁን ወይም ትከሻውን ሲነካው ግን ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሁለት ዓመት አልፎታል። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ እጅ ተጨባብጦ ትከሻ መግጨት ነው፣ ዘመድ ሲመጣ ጉንጭ እያገላበጡ መሳም ነው፣ ለቅሶ ቤት ከሆነማ አንገት ለአንገት ተያይዞ ማልቀስ ነው። እሱ ለቅሶ መድረስ ትቷል፤ ሰዉም "ኮርቶ ነው" ይለዋል።

የሚጠቅማችሁ ከሆነ፦ ስኳርና ደም ግፊት ታይቶ ደኅና ነው ተብሏል። የቆዳ ሕመም የለበትም። እጁን አብዝቶ አይታጠብም። ራሱ ሰው ሲነካ፣ ለምሳሌ የእህታችንን ሕፃን ሲያቅፍ፣ ምንም አይመስለውም። የሚብስበት ሳያስበው ከኋላ ሲነኩት ነው።

ቤት ውስጥ ልናለማምደው ብንል ከየት እንጀምር? ምን ብናደርግ ይብስበታል? እስኪሻለው ድረስስ ከሰው ሳይቀያየም እንዴት ይሰንብት?

ምላሽ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ቡሬ

እህቴ፣ ዝርዝሩን መጻፍሽ ሥራውን አቅልሎታል። መነካትን መፍራት መነሻው ብዙ ነው፤ መነሻው ሳይለይ ልምምድ ቢጀመር አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይጎዳል።

ሲነኩት "ቆሸሽኩ፣ በሽታ ተጋባብኝ" የሚል ሐሳብ አልለቅ ብሎት ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው ችግሩ መነካቱ ሳይሆን ሐሳቡ ነው፤ የእሱ ሕክምና ከተነካ በኋላ ሳይታጠቡ መቆየትን መልመድ ነው። የወንድምሽ ይኼ አይመስልም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሸካራ ልብስ፣ ፀጉር መቆረጥ፣ ጥፍር መቆረጥ ሁሉ ሲሰቀጥጠው የኖረ ከሆነ ደግሞ የነርቭ አቀባበል ጉዳይ ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይኼ ይበዛል። እንዲህ ያለውን ሰው ለስለስ ያለ መዳሰስ ያስጨንቀዋል፣ ጠበቅ ያለ ጭብጥ ግን ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ስለዚህ "ቀስ ብላችሁ ንኩት" የሚለው ምክር ለእሱ የተገላቢጦሽ ነው። አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥለው ሰው ሕመሙ ነርቩ ላይ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ ካለፈ በኋላ ወይም ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ይታያል፤ እሱን ሐኪም በመድኃኒት ይይዘዋል እንጂ ልምምድ አይፈታውም።

አጥብቃችሁ የምታዩት ግን ሌላ ነው። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ይቃዣል፣ በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል፣ አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው ይሸሻል፣ ሲነኩት ደግሞ ያለፈው አሁን እየሆነ ያለ ይመስለዋል ወይም ደንዝዞ ይቀራል። ከእነዚህ ምልክቶች ካየሽ ቤት ውስጥ ምንም አትጀምሩ። "ማን ምን አደረገህ?" ብላችሁ አታጣድፉት። መናገር ከፈለገ ስሙት፤ ካልፈለገ ይቆይ። የሠለጠነ ባለሙያ ይያዘው።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ኑሮ የሚያደናቅፍ እንዲህ ያለ ፍርሃት ፎቢያ ነው፤ ፎቢያ ደግሞ ከሚድኑት ወገን ነው። ዕድሜ የሚሰጠው ሽሽቱ ነው። ሰው ሊነካው ሲል ዞር ይላል፣ ወዲያው እፎይ ይላል፤ አእምሮውም "ያተረፈኝ መሸሼ ነው" ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ከሩቅ ይጀምራል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ወረቀት ይዞ ይቀመጥና የሚፈራቸውን ነገሮች ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ቁጥር ይስጥ። ይኼን መለኪያ ያመጣው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፕ ነው፤ ዛሬም በየሕክምናው ይሠራበታል። 0 ምንም፣ 100 ከዚህ የባሰ የለም። ቁጥሩን የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው፤ "ይቺማ 20 ናት" ብላችሁ አትከራከሩት። ከ30 እስከ 40 ከሰጣት ጀምሩ። ከ20 በታች ያለው ጊዜ ማባከን ነው፤ በ80 መጀመር ደግሞ ሰውየውን ሁለተኛ እንዳይመለስ ያደርገዋል።

መሣሪያችሁ አንድ ሜትር ያህል ዱላ፣ አንድ ጋቢና ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሁለታችሁ የዱላውን ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ ተቀመጡ። ቁጥሩ ሲወርድ እጃችሁን ወደ ግማሽ ሜትር፣ ቀጥሎ ወደ አንድ ስንዝር አቀራርቡ። ቀጥሎ ክንዱን በጋቢ ይሸፍንና እሱ ራሱ እጅሽን ይዞ በጋቢው ላይ ያሳርፈው፤ 3 ሰከንድ፣ 10 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ። ከዚያ ያለ ጋቢ፣ መጀመሪያ የእጁ ጀርባ፣ ቀጥሎ መዳፉ። ከዚያ አንቺ ነሽ የምትነኪው፤ ግን "አሁን ልነካህ ነው፣ እስከ 5 እቆጥራለሁ" ብለሽ። ከዚያ ጨብጦ መቆየት፣ ትከሻ፣ ጉንጭ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው እሱን በጣም የሚያስፈራው ነው፦ "በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ጊዜ ከኋላ ትከሻህን እነካሃለሁ፤ መቼ እንደሆነ አልነግርህም።" ይኼ ካልተሠራ ሌላው ሁሉ ግማሽ ነው፤ መንገድ ላይ የሚነካው ሰው አስቀድሞ አይነግረውም።

አንድ ልምምድ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይሁን። በሳምንት 4 ወይም 5 ቀን መሥራት በሳምንት አንዴ ብዙ ሰዓት ከማሳለፍ ይሻላል። ደረጃዋን ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ ድጋሙ። አንዳንድ ቀን አልወርድ ይላል፤ ያም ቢሆን አይጠፋም። ከመጀመሩ በፊት "ምን ይሆናል ብለህ ትፈራለህ?" ብለሽ ጻፊ፤ "እወድቃለሁ"፣ "ራሴን እስታለሁ" ይልሻል። ሲጨርስ ሆነ ወይስ አልሆነም? አእምሮ የሚማረው ከዚያ ልዩነት ነው።

የሚያበላሸውን ልንገርሽ። አንደኛው ማስደንገጥ ነው፤ "ይልመደው" ብሎ ከኋላ መጥቶ ማቀፍ የወር ልፋት ያፈርሳል። ሁለተኛው ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ቅጽበት ማቋረጥ ነው፤ ሽሽቱን እንደገና አስተማራችሁት ማለት ነው። "በቃ" የምትል ቃል ትኑራችሁ፤ ሲላት እጅሽን ወዲያው አንሺ፣ ግን ከክፍሉ አይውጣ፤ ትንሽ አርፎ ወደ ቀላሏ ደረጃ ተመልሶ በእሷ ይጨርስ። "በቃ" ስትባል አንድ ጊዜ እንኳ ካልተከበረች ልምምዱ አለቀ በይ። ሦስተኛው ስውር ሽሽት ነው፦ ትንፋሽ መያዝ፣ ጥርስ መንከስ፣ በልብ መቁጠር፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ። እጁ ተጨብጦ አእምሮው ሌላ ቦታ ከሆነ አልተለማመደም።

ትንፋሹ ሲቆራረጥ ጣቶቹን ከነዘረውና ካዞረው፣ ያ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው፤ ያስፈራል እንጂ አይጎዳም። በ4 ቆጥሮ በአፍንጫ ያስገባ፣ በ6 ቆጥሮ ያውጣ። ይኼን ቀድሞ ቤቱ ሆኖ ይልመደው፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም።

ምላሽ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ሞጣ

ሦስተኛዋን ጥያቄ እኔ ልያዛት። ሰው የሚቀየመው ስላልተነካ ሳይሆን ስላልተከበረ ነው። አክብሮቱን አጉልቶ ያሳየ ሰው ንክኪውን ቢቀንስ ማንም ልብ አይለውም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ሞልቷል።

በመጀመሪያ እሱ ይቅደም። ሌላው እጁን እስኪዘረጋ የሚጠብቅ ሰው መቼና እንዴት እንደሚነካ አያውቅም፤ ፍርሃቱን የሚያንረው ይኼ ነው። ሦስት እርምጃ ሲቀር ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እንዴት ዋላችሁ" ቢል ለታላላቅ ሰዎች ሙሉ ሰላምታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሰዉ ሁሉ ለምዶት ስለነበር አዲስ አይሆንበትም። መጨበጥ ግድ ከሆነ ክንዱን ዘርግቶ፣ ግራ እጁን ቀኝ ክንዱ ላይ ደግፎ ይጨብጥ። ታላቅን ማክበሪያ ነው፤ እግረ መንገዱንም በመካከላቸው የክንድ ያህል ርቀት ያቆያል፣ ስቦ ትከሻ ለመግጨት አይመችም። እጁ ርጥብ ወይም ወጥ የነካው ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው አንጓውን ይስጥ፤ መዳፍ ለመዳፍ ሳይገናኙ ሰላምታው ያልቃል።

ለቅሶ ላይ የሚከብደው ቀብሩና ከቀብር መልስ ያለው ግፊያ ነው። በሠልስቱ ጠዋት፣ ሰዉ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ይሂድ። ድንኳኑ በር ላይ ቆም ብሎ ለሁሉም እጅ ይንሣ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይበል፣ ዳር ካለው አግዳሚ ይቀመጥ። ሥራ ቢይዝ ደግሞ የተሻለ ነው፦ ወንበር ማመላለስ፣ ማስታጠብ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ የያዘን ሰው ማንም አያቅፈውም፣ ያገለገለን ሰውም "ኮራ" የሚለው የለም።

ቄስ ሲያሳልሙት የሚነካው መስቀሉ ነው፣ ግንባርና ከንፈር። ብዙዎቹ ይኼን ይችሉታል፤ እንዲያውም በልምምዱ ዝርዝር ላይ እንደ አንድ ደረጃ ሊገባ ይችላል። ጉርሻ የሚያስጨንቀው ከሆነ ቀድሞ እሱ ያጉርስ፤ መልሰው ሲያጎርሱት መቼ እንደሚመጣ ያውቀዋል።

መናኸሪያ ላይ በጠዋት ደርሶ ገና ሰው ያልገባበት ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ዳር ወንበር ይያዝ፣ ቦርሳውን በእሱና በጎረቤቱ መካከል ያድርግ። ረዳቱ አራተኛ ሰው የሚጨምርበትን የኋላ ወንበር ይተወው። ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ለሚያልፍ መንገድ ግን ባይሆን የሁለት ሰው ይክፈል።

ፀጉር ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ይሂድ፤ መስተዋት ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ቆራጩ "አሁን ጆሮህ ጋ ነኝ" እያለ ይቁረጠው። ይኼን ለመጠየቅ ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፣ "ስትነካኝ እየነገርከኝ" ማለት ይበቃል።

ጠያቂ፦ የደምበጫዋ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ የግል ክሊኒክ ዲያዜፓም ጽፎለት ሲብስበት ይወስዳል፤ ከልምምዱ በፊት ይዋጠው? እናታችን ደግሞ ጠበል ካልወሰድኩት ብላለች። እኔም "አይሆንም" ማለቱ አልመጣልኝም።

ምላሽ፦ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ

ከልምምዱ በፊት አይዋጠው። ዲያዜፓም ፍርሃቱን በፍጥነት ያበርደዋል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሳይፈራ ከተነካ አእምሮው አዲስ ነገር አልተማረም፤ "ያዳነኝ ኪኒኑ ነው" ይላል። ሱስም ያስይዛል። እስካሁን አልፎ አልፎ ከሆነ የወሰደው በቀላሉ ሊተወው ይችላል። በየቀኑ ለሳምንታት ወስዶት ከሆነ ግን በድንገት አታስቁሙት፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያውርደው። አረቄም ያው ነው፤ ድፍረቱ የአረቄው እንጂ የእሱ አይሆንም፣ በማግስቱም ጭንቀቱ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ጫትና ብዙ ቡና ልብ ያፈጥናሉ፤ እሱ ደግሞ የልቡን መፍጠን የፍርሃት ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል። በልምምድ ቀን ቡናውን አንድ ስኒ ያድርገው።

ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን ለልብ ምትና ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚያዝ አለ፤ አስም ላለበት አይሆንም፣ ፎቢያውንም አያድነውም። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን የሚታዘዙት ድብርት፣ የሚያስገድድ ሐሳብ ወይም ከደረሰበት ጉዳት የመጣ ጭንቀት አብሮ ሲኖር ነው። ሥራቸው እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ ይተዋቸዋል። ለንጹሕ ፎቢያ ዋናው ሕክምና ልምምዱ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሰው ላርስ ዮራን ኡስት በ1989 እ.ኤ.አ. ለአንዳንድ ፎቢያዎች እስከ 3 ሰዓት በሚዘልቅ አንድ ቀጠሮ የሚጠናቀቅ ሕክምና አሳይቷል። ያ ግን በሠለጠነ እጅ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ባለሙያ ካስፈለገ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ኑ። ብዙ ሰው ካርድ ካወጣ በኋላ የሚመለሰው ወረፋው ላይ ባለው መገፋፋትና ገና ሲገባ ክንዱን በሚይዘው ሰው ምክንያት ነው። ስለዚህ አንቺ ወረፋውን ያዢለት፣ እሱ ግቢው ውስጥ ይጠብቅ። ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ይሁን፦ "መነካት ያስፈራኛል፤ ከመንካታችሁ በፊት ንገሩኝ።" የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ራሱ ክንዱ ላይ ይጠቅልለው፣ ባለሙያው ቦታውን ብቻ ያስተካክል። ማዳመጫውንም ደረቱ ላይ ራሱ ሊይዘው ይችላል። ግፊቱ ከፍ ካለ ወዲያው መድኃኒት አይጀመርለት፤ በፍርሃት የወጣ ሊሆን ስለሚችል 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ሳያነባብር፣ ሳያወራ እንደገና ይለካ።

ስለ ጠበሉ እናትሽን አታስቀይሚ። ጠበል መጠጣት፣ በጣሳ ራሱ ላይ ራሱ ማፍሰስ ሕክምናውን አያደናቅፍም። የሚጎዳው ብዙ እጅ ይዞት ሲጎተት፣ ሲታሰር፣ በግፊያ መሐል ሲገባ ነው። እናትሽ ቀድመው አጥማቂውን ያነጋግሩ፦ "ልጄ መነካት ያስፈራዋል፤ በጣሳ ይስጡት፣ በመስቀሉ ይባርኩት፣ አይያዝብኝ።" ሰው የሚበዛበትን እሑድ ትተው በሥራ ቀን ይሂዱ። የታዘዘ መድኃኒት ካለው ደግሞ በጠበል ምክንያት አይቋረጥ።

ምላሽ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ቡሬ

በዶክተሩ አልጨምርም። ከሞጣው ወንድሜ ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ማንቆርቆሪያው፣ ቦርሳው፣ የሁለት ሰው ክፍያው ሁሉ ለዚህ ወር ጥሩ ነው፤ ሦስት ወር ከቆየ ግን ያው ሽሽት ነው፣ ጨዋ ሽሽት። ከአሁኑ በዝርዝሩ ላይ ጻፏቸውና እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ይጣሉ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ እስከ ጅጋ መሄድ፣ ቀጥሎ እስከ ፍኖተ ሰላም።

ምላሽ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ሞጣ

እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ ከአንዱ በቀር። እጅ መንሣቱን አትንኩበት። እሱ ማምለጫ ሳይሆን የአገሩ ሰላምታ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቢይዘው ምን ይጎድልበታል? ደግሞስ ጉንጭ ለጉንጭ መሳም የማይወድ ጤነኛ ሰው የለም እንዴ? ፍርሃቱ ይልቀቀው እንጂ ሁሉን እንዲስም አናስገድደው።

ምላሽ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ቡሬ

ይሁን፣ እጅ መንሣቱ ይቆይ። ግን መጨበጥ እየቻለ የሚመርጠው ይሁን።

እህቴ፣ አንድ የቀረ ነገር። አለማማጁ ሁልጊዜ አንቺ ብቻ አትሁኚ። ከአንቺ ጋር ቁጥሩ 10 ሲደርስ ያንኑ ደረጃ ከሌላ ሰው ጋር ድገሙት፤ ከወንድ፣ ከሴት፣ ከሽማግሌ፤ ቤት ውስጥ፣ ደጅ፣ ገበያ ቅዳሜ። ቁጥሩ እንደገና ወደ 40 ወይም 50 ይወጣል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ቦታና ሰው ሲቀየር የሚጠበቅ ነው፣ ከመጀመሪያው ፈጥኖም ይወርዳል። ታሞ ወይም እንቅልፍ አጥቶ በከረመበት ሳምንት ወደ ኋላ ቢመለስ አንድ ደረጃ ብቻ ውረዱ፤ ወደ ዱላው አትመለሱ። ሌሎቹ ዘመዶች ደግሞ "እስቲ ዛሬ ልይህ" ብለው እየመጡ እንዳይነኩት ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ በተለይ አጎቶች።